«የቧንቧ ውሃ ለምን አይበቃም?» ለተባልከው መምህር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ባህር ዳር አዲስ የተመደብክ የኬሚስትሪ መምህር ነህ። ለላብራቶሪው (ለላብ) ዲስትልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖና ቀዝቅዞ ከጨው የተለየ ውሃ፣ ይገዛልኝ ስትል «የባህር ዳር ውሃ ንጹህ ነው፣ ከቧንቧ ቅዳ» ተባልክ። እኔ እዚሁ ከተማ ለዓመታት የትምህርት ቤት ላብ ቴክኒሻን ነበርኩ። ይቺን መልስ አሳምሬ አውቃታለሁ። ስለተቃጠልኩባት ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለሙከራ አይሆንም። ከምንጭና ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት ይይዛል። ጀርም እንዲገድል ደግሞ ክሎሪን ይጨመርበታል። ለጠጪው ደግ ነው። ተማሪህ ግን በጨው ውስጥ ያለውን ክሎራይድ፣ እሱን ሲያገኝ ነጭ በሚሆነው በሲልቨር ናይትሬት ሊፈትሽ ሲል፣ ምንም ጨው ያልገባበት ቱቦ ራሱ ይነጣበታል። ውሃው ውስጥ የነበረው ክሎራይድ ነው የነጣው። ታዲያ ልጁ የቱን ይመን? የሳሙና አረፋ ሙከራም እንደዚያው ነው፤ ካልሲየሙ ሳሙናውን ይይዝበታል። የቧንቧው ይዘት ደግሞ ከሰፈር ሰፈር፣ ከበጋ ክረምት ይለያያል። አምና ያገኘኸውን ውጤት ዘንድሮ ልድገም ብትል አይገጥምልህም።

2. «አፍልታችሁ ተጠቀሙ» ይሉሃል። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ክሎሪኑንም ያበንነዋል። ከካልሲየሙም ጥቂቱ ማንቆርቆሪያው ሥር ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ሌላው ጨው ግን እዚያው ነው፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበረታል። የማጣሪያ ወረቀትም ጭቃ እንጂ የሟሟ ነገር አይይዝም። በክረምት ከጣና የቀዳኸውን ውሃ በወረቀት ብታሳልፈው ጥርት ይልልሃል፤ ከማሳ ታጥቦ የገባው የማዳበሪያ ናይትሬትና ፎስፌት ግን አብሮ አልፏል። ተማሪዎችህ ስለ እምቦጭ ፕሮጀክት መሥራታቸው አይቀርም። ማዳበሪያ ያለበትንና የሌለበትን ውሃ ሊያነጻጽሩ ፈልገው «የሌለበት» ያሉትን ከሐይቁ ከቀዱት፣ ሥራው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። የታሸገ ውሃም አይሆንህም። ጠርሙሱን አንብብ፤ ማዕድኑ ተዘርዝሯል።

3. ግዢው። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

አንድ ዓመት ዲስትልድ ውሃ ጠየቅን። በፕሮፎርማ ርካሹ አሸነፈ። ጀሪካኖቹ መጡ፤ ዲስትልድ የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሊቆረጥ ሲል «ቆይ፣ ልፈትሸው» አልኩ። የግዢ ሠራተኛው ሰው ፊት «ውሃ ደግሞ ምኑ ይፈተሻል? ሥራ አታጓት!» ብሎ አመናጨቀኝ። ውሃውም ገቢ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አንድ መምህር በዚያ ውሃ ሲልቨር ናይትሬት በጠበጠ። 0.1 ሞላር በሚባለው የተለመደ ጥንካሬ ለአንድ ሊትር 17 ግራም ያህል ይገባል፤ ዋጋውን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ። ወዲያው ደፈረሰ። ድሮ ጠርሙስ ውስጥ ከቀረች ጥቂት በቀር ያለን ያ ብቻ ነበር። ከዚያ የማብራሪያ ደብዳቤ ጻፍ የተባልኩት እኔ! ልፈትሸው ያልኩት ሰው! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደብዳቤ አልጻፍኩም። ሁለት የሙከራ ቱቦ ይዤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። በአንዱ የጀሪካኑ ውሃ፣ በሌላው ራሴ ያወጣሁት ዲስትልድ። ሁለቱም ላይ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ ከድሮው ጠርሙስ የተረፈችውን ሲልቨር ናይትሬት ጨመርኩ። የጀሪካኑ ነጣ። የእኔው ጥርት እንዳለ ቀረ። ሰውዬው ዝም ብለው አዩና ግዢ ክፍሉን አስጠሩ። ከዚያ ወዲህ ላብ ሳይፈትሸው ገቢ የሆነ ነገር የለም። ይህን ሥርዓት ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እኮራበታለሁ።

ስለዚህ ሳትፈትሽ እንዳትፈርም፤ ማንም ቢያመናጭቅህ! ሲልቨር ናይትሬት ከሌለህ ጥቂት ጠብታ ንጹህ መስታወት ላይ አድርቅ። ነጭ ቀለበት ከተወ ጨው አለበት።

የመስታወት ኮንደንሰር (እንፋሎት አቀዝቅዞ ውሃ የሚያደርግ ቱቦ) ካላችሁ ደግሞ ራስህ አውጣ። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ውሃው ይተናል፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፣ ጨው ግን ስለማይተን ከሥር ይቀራል። መጀመሪያ የሚወርደውን ድፋው፤ ክሎሪንና ሌላም ተናኝ ነገር ከፊት ይመጣል። ፍላስኩ እስኪደርቅም አታፍላ። ለማቀዝቀዣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ዕቃም በቧንቧ ውሃ ታጥቦ በመጨረሻ ብቻ በዲስትልድ ይለቅለቅ። በጀት የለም ለሚሉህ ይህን ንገራቸው፤ በዚህ አያያዝ ትንሽ ውሃ ብዙ ያገለግላል።

የባትሪ ውሃም ፈትሸህ መጠቀም ትችላለህ። ግን የባትሪ አሲድ በሚመሳሰል ዕቃ ይሸጣል። ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ጽሑፉን ሳታነብ አትክፈት፣ ተማሪም አትላክ።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃህ 94 ዲግሪ አካባቢ ቢፈላ «ዲስትልዱ ተበላሽቷል» እንዳትል። የከፍታው ነው። ክፍት የቆየ ዲስትልድ ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) ወደ 5.6 ቢወርድም አትደንግጥ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስቦ ነው። ፒኤች ለሚለካ ሙከራ አፍላውና ከድነህ አቀዝቅዘው።