ለበጎ አድራጎት እንሩጥ ላላችሁ፦ ከጎጃም ከተሞች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ዓመቱን ሙሉ እያፈራረቅን ለበጎ አድራጎት የ5 ኪሎ ሜትር የጎዳና ላይ ሩጫ እናዘጋጃለን። «እኛም ከተማ ላይ መጀመር እንፈልጋለን» የሚሉ መልእክቶች ስለበዙ፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ አልኩ። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ጎረፈልኝ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ በዓመት አንድ ትልቅ ሩጫ ይሻላል ወይስ ትንንሽ እያሉ መደጋገም?

መልስ፦ ትንንሽ እያሉ መደጋገም። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሲጀመር 10,000 ሯጭ ይዞ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ያንን ያየ ሁሉ ከዚያ መጀመር ያምረዋል። እናንተ 150 ሰው ይዛችሁ ጀምሩ። ሰው የከፈለው 100 ብር ምን ላይ እንደዋለ ወር ሳይሞላ ካየ፣ በሚቀጥለው ሩጫ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። በዓመት አንዴ ከሆነ ግን ወይ ይረሳዋል፣ ወይ ሐሜቱ ይቀድማችኋል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ታዲያ በየትኞቹ ወራት እንሩጥ? የማይመች ቀን በዛብን።

መልስ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። የእኛ አገር ዓመት ላዩን ሲያዩት ሰፊ ነው፣ ሲገቡበት ጠባብ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ይገባል፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ኮብልስቶኑ ሁሉ ያንሸራትታል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ሰው እንኳ ለቤተሰብ እጅ ሊሰጥ ገጠር ይወርዳል። ጥር ጥምቀትና ሠርግ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰው ቤቱ አይገኝም። ከዚያ ሁዳዴ 55 ቀን አለ።

እኔ የምመክረው አራት ጊዜ ነው። አንደኛው ጥቅምት መጨረሻ፦ ዝናቡ አብቅቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ለሩጫ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው በነነዌና በሁዳዴ መካከል ነው። ነነዌ ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ስለሚገባ መሀል ላይ ሁለት እሑድ ይገኛል። ሁለተኛው እሑድ ቅበላ ነው፣ እሱን ተዉት፤ ሥጋ በልቶ ማን ይሮጣል? የመጀመሪያውን ያዙ። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ አዲሱ ዓመት ሲገባ ባሕረ ሐሳቡን አይታችሁ ቁረጡ። ሦስተኛው ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጀመሪያ። ማርቆስ ያላችሁ ግን ሚያዝያ 30ን እንዳትነኩ፤ የቅዱስ ማርቆስ ክብረ በዓል ነው፣ መንገዱም ሰውም አይገኝም።

አራተኛው ጳጉሜን ነው። ዝናብ ሊመታችሁ ይችላል፣ እሱ የታወቀ ነው። ግን ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው «ለደብተርና ለእስክሪብቶ እንሩጥ» ብትሉ እምቢ የሚል የለም። አጭር አድርጉት፣ 3 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከኮብልስቶን ወደ አስፋልት አውጡት።

የረመዳንንም ቀን እዩ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ፣ አምና ያልገጠመ ዘንድሮ ሊገጥም ይችላል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እሑድ፣ 12 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ 2 ሰዓት ላይ የምትጨርሱት። መንገዱን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አታሳልፉ። የግድ ማለፍ ካለበት ሞንታርቦው እዚያ ጋ ጸጥ ይበል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ገንዘቡን እንዴት እንያዝ? እኛ ጋ ከዚህ በፊት በተሰበሰበ መዋጮ ሰው ተቀያይሟል።

መልስ፦ ሰፋ አድርጌ የምመልሰው ይህን ነው። ሩጫ የሚሞተው በዝናብ አይደለም፣ በሐሜት ነው።

መጀመሪያ፣ ብሩ በግለሰብ ሒሳብ አይግባ። የፈለገ የታመነ ሰው ቢሆን፣ በቴሌብርም ቢሆን። የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም የታወቀ እድር አግኙና በእሱ ስም፣ ሁለት ሦስት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት ሒሳብ ክፈቱ። ድርጅት ከሆነ ለወጪ ገደብ አለው፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የቆመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስለሚጠይቃችሁ እናንተም ዕወቁት።

ሁለተኛ፣ የሩጫው ወጪና የመመዝገቢያው ብር አይደባለቁ። 300 ሰው 200 ብር ቢከፍል 60,000 ብር ነው። ከእሱ ላይ የሞንታርቦ ኪራይ፣ የውሃ፣ የባነር እያላችሁ ስትቆርጡ ለታካሚው ወይም ለተማሪው የሚደርሰው ያሳፍራል። ወጪውን ከሌላ ቦታ፣ በዓይነት አሟሉ። ሆቴሉ ውሃ ይስጥ። ማተሚያ ቤቱ የደረት ቁጥር ያትም። ድንኳኑንና ወንበሩን ከእድር ተዋሱ። ነጋዴ ብር ስጥ ሲባል ያስባል፤ አሥር ካርቶን ውሃ ስጥ ሲባል ግን ወዲያው ያስጭናል። ሯጩም «የከፈልከው ሙሉ በሙሉ ለዓላማው ነው» ሲባል ደስ ይለዋል።

ስፖንሰር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃው ወይም ብሩ ሳይገባ የማንንም ስም ባነር ላይ አታትሙ። ቃል ገብቶ፣ ስሙን በትልቁ አሳትሞ፣ ስልኩን ያጠፋብን ድርጅት ነበር።

ሦስተኛ፣ በሳምንት ውስጥ ሒሳቡን አውጡ። በቴሌግራም ብቻ ሳይሆን በወረቀትም፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ለጥፉ። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ገባ፣ ለማን ተሰጠ፣ የተቀባዩ ድርጅት ማኅተም ያለበት ደረሰኝ። አንድ ገጽ ይበቃል። የታማሚን ፎቶ ግን አትለጥፉ፤ ደረሰኙ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ቲሸርት የሌለው ሩጫ ሰው ይመጣበታል?

መልስ፦ ይመጣል። መመዝገቢያው 400 ብር ሆኖ ቲሸርቱ 300 ከፈጀ የሮጣችሁት ለልብስ ሰፊው ነው። የደረት ቁጥርና አራት መርፌ ቁልፍ ይበቃል። የግድ ካላችሁ ቲሸርቱን ለብቻው ሽጡት።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ 5 ኪሎ ሜትሩን በባጃጅ ቆጣሪ ለካነው። ሯጮቹ ግን ስልካችን ሌላ ይላል ብለው ይከራከራሉ።

መልስ፦ ባጃጁንም ስልኩንም ተዉት። ብስክሌት አምጡ። ጎማውን በደንብ ንፉት፣ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ቀለም ንኩት። ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ በብረት ሜትር 300 ሜትር ለክታችሁ ጫፍና ጫፉን ምልክት አድርጉ። ያንን እየነዳችሁ ነጩ ነጥብ ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ ቁጠሩ፤ አንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ከዚያ የሩጫውን መንገድ ሯጩ ሊያቋርጥ በሚችለው አጭሩ መስመር ንዱ። ኩርባ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ራቁ። መሀል መንገዱን ይዛችሁ ከለካችሁ ሯጩ ኩርባውን ሲቆርጥ ርቀቱ ያጥራል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ጨምሩ፣ ማለትም 5,005 ሜትር ይሁን። ትልልቆቹ ውድድሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እነሱ ጎማው ላይ የሚታሰር ቆጣሪ ስላላቸው ብቻ ይቀላቸዋል። ፀሐይ ሲበረታ ጎማው ስለሚያብጥ፣ ስትጨርሱ ያንኑ 300 ሜትር ደግማችሁ ቁጠሩ።

ቆጣሪው አንድ ሰው፣ ነጂው ሌላ ሰው ይሁን። ከሁለት ሺህ በላይ ዙር ነው፤ መሀል ላይ ሰላምታ የሚሰጥ ዘመድ ካጋጠመ አለቀ።

ጥያቄ (ከማርቆስ ዙሪያ)፦ በብር ፋንታ ጫማ ይዞ መምጣት መመዝገቢያ ቢሆንስ? ለዝሆኔ ታማሚዎች አስበን ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎጃም ውስጥ ከዚህ የተሻለ ዓላማ አላውቅም። በእኛ ደጋ የሚታየው ዝሆኔ ብዙው በትንኝ የሚመጣው አይደለም። ቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ገብተው፣ ለዓመታት ተጠራቅመው እግሩን ያሳብጡታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል፤ ቀድሞ የተደረሰበትንም ያስታግሰዋል። አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ አሸንፏል፣ ክብር ለእሱ ይሁን። አራሹ ግን ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ላይ መዋል የለበትም።

ግን «ጫማ ይዛችሁ ኑ» ብቻ ካላችሁ ያለቀለት ሸበጥ ይከመርባችኋል። ሸበጥና ኮንጎ እግርን ከአቧራ አይሸፍኑም። እግርን ሙሉ የሚሸፍን፣ ሶሉ ያልተቀደደ፣ በክር ጥንድ ጥንዱን የታሰረ በሉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ ጋር ካልሲና አንድ ሳሙና ጠይቁ። ቁጥሩን በማርከር ሶሉ ላይ ጻፉ፣ ሲታደል ጊዜ አይፈጅም። ስርጭቱን ራሳችሁ አታድርጉት፤ ጤና ጣቢያው የትኛው ቀበሌ ማን እንደታመመ ያውቃል። ያበጠ እግር በተራ ጫማ አይገባም፣ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። ለዚያ ብር ያስፈልጋችኋልና ከጫማው ጋር 50 ብርም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ከማን ነው? ካለው የጸጥታ ሁኔታ አንጻርስ?

መልስ፦ ከከተማ አስተዳደሩ፣ በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በኩል፣ ከወር በፊት በደብዳቤ። ግልባጩ ለፖሊስ፣ ለትራፊክና ለጤና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ደብዳቤው ላይ የመንገዱን ካርታና የሚዘጋበትን ሰዓት ጻፉ። የጸጥታው ጉዳይ ላይ አልከራከርም፤ ይቅር ካሉ ይቅር። ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር ቢፈጠር ያሰባሰባችሁት ብር ምንም አይመልስም። የከፈለው ሰው ብሩ እንዲመለስለት ወይም ለዓላማው እንዲያልፍ ይጠየቅ። መንገድ ካልተፈቀደ ስታዲየም ውስጥ በዙር መሮጥም ይቻላል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይቻላል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ለ500 ሰው ስንት ውሃ?

መልስ፦ መሀል ላይ ለአንድ ሰው አንድ ኩባያ፣ 200 ሚሊ ሊትር ያዙ፦ 100 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን። መድረሻው ላይ ግማሽ ግማሽ ሊትር፣ 250 ሊትር። በሃይላንድ ፕላስቲክ አታድሉ። ባሕር ዳር ላይ የተጣለ ጠርሙስ መጨረሻው ጣና ነው። የእድር ኩባያ ተዋሱ፣ አንዴ የተጠጣበት ሳይታጠብ ለሌላ አይሰጥ።

አምቡላንሱን መነሻው ላይ ሳይሆን መድረሻው አካባቢ አቁሙት። ሰው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ሊጨርስ ሲል፣ የመጨረሻዋን ሲያፈጥን ነው። ደግሞ እናንተ የለመዳችሁት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። ማርቆስ 2,400 ገደማ ነው። እኛ ጋ ስትመጡ መነሻው ላይ አትፍጠኑ፤ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሳንባችሁ ይነግራችኋል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ የአገው ፈረሰኞች በዓል ቀን ብዙ ሰው ስለሚመጣ ያን ቀን ብንሮጥስ?

መልስ፦ ጥር 23 የፈረሱ ነው፣ ለፈረሱ ተዉለት። ጥር ጠባብ ቢሆንም አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ሩጡ፣ በበዓሉ ቀን ደግሞ ዳስ ተክላችሁ የሚቀጥለውን መዝግቡ።

ጥያቄ፦ እናቴ 60 አልፏታል። ነጠላዋን ለብሳ በእግሯ መሄድ ትፈልጋለች። ይስቁባት ይሆን?

መልስ፦ ትምጣልን እንጂ! የእኛ ሩጫ ላይ ብዙውን ብር የሚያመጡት እናቶች ናቸው፤ ከማኅበራቸው ሰብስበው ነው የሚመጡት። ተጓዦች ከሯጮቹ ኋላ ይነሱ። 5 ኪሎ ሜትር በእርጋታ መሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ መንገዱን ለአንድ ሰዓት ተኩል አስዘጉ። የመጨረሻዋ እናት ሳትገባ ባነሩን የሚያወርድ አስተባባሪ ካለ እኔ ጋ ላኩት።

ጥያቄ፦ ለአሸናፊ ብር እንስጥ?

መልስ፦ አትስጡ። ብር ካለ ከክለብ የመጣ ሯጭ ወስዶት ይሄዳል፣ የሰፈሩ ልጅ ተመልካች ይሆናል። ዋንጫ ወይም በግ ይበቃል። በግ ደግሞ ተመልካቹን ያስቃል።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ልጆችንስ እንዴት እናካትት?

መልስ፦ ከአዋቂዎቹ በፊት፣ 1 ኪሎ ሜትር፣ ሄዶ መልስ ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ ወይም ክብ ዙር። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደረት ቁጥሩ ጀርባ ላይ የወላጁ ስልክ ይጻፍ። ወላጆች ሁሉ ፎቶ ለማንሳት መነሻው ላይ ይቀሩና ልጁ መድረሻ ላይ ደርሶ የሚያውቀው ሰው ያጣል። በሞንታርቦ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ አንዱ ወላጅ መነሻ፣ አንዱ መድረሻ።