ደብረ ብርሃን ያገኘኸው «ኃይሉ» ዘመድህ ነው ወይ?

ስሙ ብቻ ዘመድ አያደርገውም። አንተ «የቤተሰብ ስሜ» የምትለው ኃይሉ ያያትህ ስም ነው። ፌስቡክ ላይ ያገኘኸው የደብረ ብርሃኑ ሰውዬ ደግሞ ኃይሉ አባቱ ነው። ውጭ ስለተወለድክ አልፈርድብህም፤ እኛ ጋ ግን የአባት ስም ለልጅ ይደርስና እዚያው ይቆማል። የጃቶ ተወላጁን ሯጭ አበበ ቢቂላን እይ። ዓለም «ቢቂላ» እያለ ቢጠራውም ልጁ ጽጌ አበበ ናት።

ይልቅ እንዲህ አድርግ፦

1. ከአባትህ ወይም ከአክስትህ ያያትህን አባት፣ የእሱንም አባት ስም ጠይቀህ ጻፍ። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ከተገኘማ እሰየው! ሦስት ስም በተከታታይ ከገጠመ ያኔ ነገር አለ።

2. «ከመንዝ ነን» ብቻ አትበል። መንዝ ማማ አለ፣ መንዝ ላሎ አለ፣ መንዝ ጌራ አለ። (በአፈ ታሪክ ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን የተካፈሉ ሰዎች ናቸው፤ ስም ፍለጋህ መሬቱም ላይ አለልህ።) ወረዳውን ስትለይ አያትህ የተቀበሩበትን ደብር ጠይቅ። ከቀበሌ ስም ይልቅ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የታቦቱን ስም ነው።

ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርህ። በመጀመሪያው ስልክ የሰውየውን ቅድመ አያት አትጠይቅ። መሬት ልትካፈል የመጣህ ይመስለውና ሁለተኛ ስልክህን አያነሳም። መጀመሪያ የራስህን ቁጠርለት፤ «የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ፣ አገራችን እዚህ ነው» በለው። የሚያውቀው ስም ከሰማ እሱ ራሱ ይቀጥልልሃል።