ቤት ይከፈታል፣ ውጭ አይከፈትም

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ለእህቴ ልብስ ስፌት ቤት ዌብሳይት ሠርቼ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። በቤታችን ዋይፋይ ስልኬ ላይ ይከፈታል። ሜክሲኮ ያለችው እህቴ ግን 192.168.1.7 ብላ ስትሞክር እምቢ ይላታል። ራውተሩ ላይ 80 ቁጥር ፖርትን (የዌብሳይት መግቢያ በር) ወደ ላፕቶፑ መርቻለሁ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዌብሳይቱ ጤነኛ ነው። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ግን ከቤትህ ዋይፋይ ውጭ አይሠራም። ለእህትህ መስጠት ያለብህ ራውተሩ ከውጭ የሚታወቅበትን አድራሻ ነው።

እሱን ከመስጠትህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ፖርት ሲነካካ ያመሻል። የራውተሩን ስታተስ ገጽ ክፈትና ዋን (WAN፣ የውጭ መስመር) ከሚለው ሥር ያለውን አይፒ (የአድራሻ ቁጥር) ያዝ። ከዚያ በዚያው ዋይፋይ አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ክፈት። ቪፒኤን (የውጭ አድራሻህን የሚቀይር ፕሮግራም) ካለህ አጥፋው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው?

አንድ ከሆኑ መንገዱ ክፍት ነው፤ ለእህትህ የምትሰጣት ያንኑ ቁጥር ነው። ላፕቶፑ ነገ ሌላ አይፒ እንዳይወስድ ራውተሩ ላይ 192.168.1.7ን አስይዝለት። የዊንዶውስ ፋየርዎልም (ከውጭ የሚመጣን የሚያግደው መከላከያ) 80ን ይፍቀድ። ስትሞክር ዋይፋዩን አጥፍተህ በስልክህ ዳታ ይሁን። አንዳንድ ራውተር የራሱን የውጭ አድራሻ ከውስጥ ሲጠሩት አይመልስም፤ ሰው ግን ተበላሸ ብሎ የሠራውን ያፈርሳል።

ከተለያዩ፣ በተለይ የዋኑ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ አካፍሏል ማለት ነው። አንተ የከፈትከው ፖርት እሱ ጋ አይታወቅም። በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሌላ ሞደም ከፊት መኖሩን እይ። ካለ እዚያም ፖርቱን ምራ።

አቅራቢውን ፐብሊክ አይፒ (ለብቻህ የሆነ የውጭ አድራሻ) መጠየቅ ይቻላል። ለልብስ ስፌት ቤት ግን እኔ ለዚያ ገንዘብ አላወጣም። እንደ ክላውድፍሌር ያለ ተነል ይሻልሃል። ላፕቶፑ ላይ የምትጭነው ትንሽ ፕሮግራም ራሱ ወደ ውጭ ይደውላል፤ ጎብኚው በዚያው መስመር ይገባል። ፖርት መክፈት አያስፈልግም። ኤችቲቲፒኤስም (የተመሰጠረ ግንኙነት) አብሮ ይመጣል። ቋሚ አድራሻ እንዲኖረው ግን ዶሜይን (የራስህ የዌብሳይት ስም) ግዛ። ያለ ዶሜይን የሚሰጥህ ጊዜያዊ ስም ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ይቀየራል፤ ለደንበኛ አይሰጥም።

ተነሉ ሲሠራ የመራኸውን 80 ዝጋው። ደግሞ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ለእሱ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ፈልግለት።