ኮማንድ ልበል ወይስ ማክሮ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ የላቴክ (ጽሑፍን በትእዛዝ ለኅትመት የሚያሰናዳ ሶፍትዌር) አጠቃቀም መመሪያ እየጻፍኩ ነው። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ «አንዴ ኮማንድ፣ አንዴ ማክሮ፣ አንዴ ታግ ትላለህ፤ የተለያዩ ነገሮች ናቸው እንዴ?» ብላ አፋጠጠችኝ። የቀያየርኩት ቃል እንዳይደጋገም ብዬ ነው። የቱን ይዤ ልቀጥል?

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቷን ነው። መመሪያ ውስጥ ስሙ ሲቀየር አንባቢ ነገሩም የተቀየረ ይመስለዋል። በባክስላሽ (\) የሚጀምረውን፣ ላቴክ ምን እንዲያደርግ የሚነግረውን ቃል «ኮማንድ» ይበሉትና እስከ መጨረሻው በዚያው ይዝለቁ። አንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ቢመጣ ማንም ቅር አይለውም።

«ታግ»ን ግን ዛሬውኑ ይሰርዙት። ድረ ገጽ የሚጻፍበት የኤችቲኤምኤል ቃል ነው። ላቴክ ላይ ሲመጣማ ጭራሽ ያምታታል፤ ለቀመር በተራ ቁጥሩ ፋንታ የራስን ምልክት መስጫ የሆነ፣ ታግ የሚባል ኮማንድ አለና።

«ማክሮ»፣ ማለትም ሌሎች ትእዛዞችን በአንድ ስም የሚጠቀልል ትእዛዝ፣ ስህተት የለበትም። ላቴክ ራሱ ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ቴክ በሚባለው የዶናልድ ክኑት የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም ላይ የገነባው የማክሮ ክምችት ነው። ሆኖም በባክስላሽ የሚጀምር ሁሉ ማክሮ አይደለም። ፕሪሚቲቭ የሚባሉት ከቴክ ጋር አብረው የተሠሩ ናቸው። ይህ ልዩነት የሚጠቅመው ፓኬጅ (ላቴክ ላይ የሚጨመር ክፍል) ለሚጽፍ ሰው ነው። ባልደረቦችዎን አያስቸግሯቸው።

ስም መለየት የግድ የሚሆንበት ሌላ ቦታ አለ። ቴክስትቢኤፍ የሚባለው ኮማንድ በጥምዝ ቅንፍ የተሰጠውን ጽሑፍ ብቻ ያደምቃል። ቢኤፍሲሪስ ደግሞ ምንም አይቀበልም። ከተጻፈበት ቦታ ጀምሮ፣ ያለበት ቅንፍ ወይም ኢንቫይሮመንት (በቢጊንና በኤንድ ኮማንዶች የሚታጠር የጽሑፍ ክፍል) እስኪዘጋ ድረስ ያለውን ሁሉ ያደምቃል። ሁለቱንም «ጽሑፍ የሚያደምቅ ኮማንድ» ብለው ካለፉ፣ አንባቢዎ ከቢኤፍሲሪስ ቀጥሎ አንድ ቃል በቅንፍ ይከትና የቀረው ገጽ ሁሉ ደምቆ ቁጭ ይልለታል። ከዚያ ሲሳደብ ይውላል፤ እኔ አልፈርድበትም። የዚህ ዓይነቱን ላምፖርት «ዲክላሬሽን» ይለዋል፤ እርስዎም ይበሉት። ሴንተሪንግና ሴንተርም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያው ዲክላሬሽን ነው። ሁለተኛው ቢጊንና ኤንድ የሚፈልግ ኢንቫይሮመንት ሲሆን ከላይና ከታች ተጨማሪ ክፍተት ይጥላል።

ለኮማንዱ የሚሰጠውን ነገር «አርጊውመንት» ይበሉት። «ፓራሜትር» ኮማንዱ ሲፈጠር ከ1 እስከ 9 ባለው ቁጥር የሚያዝለት ቦታ ነው። ኮማንድ መፍጠር ካላስተማሩ ቃሉን አያንሱት። በጥምዝ ቅንፍ የሚገባው የግዴታ፣ በባለማዕዘን ቅንፍ የሚገባው የውዴታ አርጊውመንት ቢባል ደስ ይለኛል። «አማራጭ» ካሉት፣ ክላስ (የሰነዱን አጠቃላይ መልክ የሚወስን ፋይል) እና ፓኬጅ ሲጫኑ ከሚሰጠው ኦፕሽን ጋር ይጋጭብዎታል።

ባለኮከብ ኮማንድን በጅምላ አይግለጹት። ሴክሽን ላይ ኮከብ ሲጨመር ርዕሱ ቁጥር አያገኝም፤ ማውጫም ውስጥ አይገባም። ኒውኮማንድ ላይ ሲጨመር ግን የሚፈጠረው ኮማንድ አርጊውመንቱ ውስጥ አዲስ አንቀጽ አይቀበልም። ስለዚህ በየቦታው ምን እንደሚሠራ ይጻፉ።

«ኮንትሮል ሲኩዌንስ» የሚለውን ግን አንድ ጊዜ መጥቀስ አለብዎት። የኮማንድ ስም ሲሳሳቱ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው መልእክት የሚጠቀመው ይህንኑ የቴክ ስም ነው። ባልደረባዎ እዚያ ሲያየው ኮማንድ ማለት መሆኑን ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ ወደ «ኮማንድ» ይመለሱ።

መመሪያውን በላቴክ ከሆነ የሚያዘጋጁት፣ ኤልቲኤክስዶክ የሚባለውን ክላስ ይዩት። የኮማንድ ስምን፣ የግዴታና የውዴታ አርጊውመንትን ወጥ በሆነ መልክ የሚያትሙ ኮማንዶች አብረውት ይመጣሉ። ቅንፉን በእጅዎ እየጻፉ አንዱን ሰያፍ፣ ሌላውን ቀጥ አድርገው ከመተው ያድንዎታል።