«ምንጩ እኔ ነኝ» ብላቸው አጠፉብኝ

ጥያቄ፦ 30 ዓመት እንሰት ላይ የሠራሁ ጡረተኛ የግብርና ተመራማሪ ነኝ። በቀደም ልጄ በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉትን አንድ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት በስልኳ ስታሳየኝ፣ ቆጮ ከእንሰት ሥር ብቻ እንደሚሠራ የሚል አየሁና አረምኩት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው ተመልሶ ነበር፤ «ምንጭ ይጠቀስ» ይላል። «ምንጩ እኔ ነኝ» ብዬ ዲግሪዬን ዘርዝሬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፉት። ዕውቀት እንዲህ ቀለለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ቆጮው ልክ ነዎት። ግንድ የሚመስለው የቅጠሉ እግር ይፋቃል፣ ሥሩም ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ አብረው ጉድጓድ ይገባሉ። ያጠፋብዎት ሰው እንሰት በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ሥራው ግን ያንን ማወቅ አይደለም፤ ሌላ ሰው ገልጦ የሚያመሳክረው ጽሑፍ መኖሩን ማየት ነው።

ዲግሪዎንስ ለምን አላመነም? የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በዚህ ተቃጥሏል። የሃይማኖት ትምህርት ፕሮፌሰር ነኝ ሲል የከረመ አንድ የታወቀ አራሚ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ዶክትሬት የሌለው የ24 ዓመት ወጣት መሆኑ ተጋለጠ። በክርክር መሃል ያንን ማዕረግ መምዘዝ ይወድ ነበር።

ደንቡ ግን እውነተኛውንም አዋቂ ይጎዳል። ቲሞቲ መሰር ክሩዝ የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1886 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ሄይማርኬት ላይ ከፈነዳው ቦምብ በኋላ የተካሄደውን ችሎት መዝገብ አገላብጦ አጥንቷል። የዊኪፔዲያው ገጽ ተከሳሾቹን ከቦምቡ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አልቀረበም ይል ነበርና ሊያርም ሞከረ። የችሎቱ መዝገብ አይበቃም፣ የታተመ ጥናት አምጣ አሉት። መጽሐፉን አሳትሞ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ያንተ የጥቂቶች አስተያየት ነው ተባለ። እነሱ ገለልተኝነት የሚሉት እውነቱ የቱ እንደሆነ መፍረድን አይደለም፤ የታተመው ጽሑፍ ወዳመዘነበት ማመዘንን ነው። ሰውየው በ2012 እ.ኤ.አ. ብሶቱን አደባባይ አወጣው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። እርስዎ የታተመ ጥናት አለዎት። ሜዳ ላይ ፍቀው ያሳዩዎት፣ ይኼኛው ዝርያ ለቆጮ ያኛው ለተሰበረ አጥንት ብለው የነገሩዎት የሲዳማ እናት ምን ይጥቀሱ? ጥናትዎ ውስጥ ካላስገቧቸው የትም የሉም። (እስቲ ያዩልኝ፣ አስገብተዋቸዋል?)

ለጊዜው በገጹ አናት «ውይይት» የሚለውን ይክፈቱ። ጥናቱ የራስዎ መሆኑን ሳይደብቁ ከነገጽ ቁጥሩ ያስቀምጡ፤ የሌላ ሰው ጥናት ካለ እሱ ይቅደም። ዲግሪውን ይተዉት።

ገጹን እኔም ከፍቼ አየሁት። ቡላ ከጭማቂው ዝቃጭ እንደሚገኝ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ፤ ልክ ነው፣ ምንጭ የለውም፣ ማንም አልነካውም። እርስዎም አይንኩት።