«ዕድሜውን 18 አደርግለታለሁ» ለሚል ደላላ ብር እንዳትሰጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ 23 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ሯጭ ነው፤ አንድ ደላላ ደግሞ «የልደት ካርዱን 18 አድርጌ፣ አዲስ የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት አሠርቼ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፕ አስገባዋለሁ» ብሎ ቀብድ ጠይቋችኋል። ከሥር «ሁሉም እንደዛ ነው የሚሄደው፣ ፍጠኑ» እያሉ የመለሱልሽን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ታናሽ ወንድሜን በዚሁ በሩጫ ነው ያስመጣሁት። አራት ዓመት ለዩኒቨርሲቲው ሮጦ፣ በአካውንቲንግ ተመርቆ፣ አሁን ቨርጂኒያ ሥራ ይዟል። አንድም ፎርጅድ ወረቀት አላስገባንም። ያም ሆኖ በፎርጅድ ተጠርጥረናል፤ ወደዚያ እመጣለሁ። (ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

1. ዕድሜው ከፍ ማለቱ ወንጀል አይደለም። ደላሎች ይህን አይነግሯችሁም፤ ካወቃችሁ ምን ይሸጣሉ? ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 26 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውን የደበቀ የለም። እኛው ሰፈር ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም በ1971 በእግር ኳስ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ተጫዋቾቹ «አይፈቀድላቸውም» ተብሎ ዋንጫውን ተነጥቋል። ከ19 ዓመቱ በኋላ በአገሩ የተጫወተን የውጭ ተማሪ ብቻ ለይቶ የሚቀጣ ሕግ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረና በ1975 ሕጉ በውጭ ዜጎች ላይ የሚያዳላ ነው ተብሎ ወደቀ። ዋንጫውን ግን አልመለሱለትም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በእኛ ጊዜ ኤን ሲ ዶብል ኤ (የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር) የሚቆጥረው 12ኛ ከጨረሰበት ቀን ጀምሮ ነበር። ለሯጭ አንድ ዓመት እፎይታ ነበረው። ከዚያ በኋላ በተደራጀ ውድድር የሮጠበት እያንዳንዱ ዓመት ለዩኒቨርሲቲው እንዲሮጥ ከሚፈቀዱለት አራት የውድድር ዘመኖች አንዱን ይበላበት ነበር። ሕጉን በየጊዜው ስለሚነካኩት የአሁኑን ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ጠይቂ። የቀረው ሁለት ዘመን ብቻ ቢሆን እንኳ በእውነተኛ ስሙና ዕድሜው ሁለት ዓመት ይሮጣል፤ የሚወስደው ትምህርት ቤትም ይገኛል።

2. ሯጭ መደበቅ አይችልም። ጄምስ ሆግ የሚባለውን ሰውዬ ፈልገሽ አንብቢ። በ1985፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ እያለ፣ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ ብሎ ሃይስኩል ገባ። ስታንፎርድ በተደረገ የአገር አቋራጭ ውድድር ሁሉንም ቀደመና «ይሄ ልጅ ማነው?» ተባለ፤ ጋዜጠኛ ሲከታተለው ጉዱ ወጣ። አልተማረበትም። በሌላ ስም፣ በዩታ በረሃ ከብት እየጠበቀ ራሱን ያስተማረ ልጅ ነኝ ብሎ በ1989 ፕሪንስተን ገባ፣ ለዩኒቨርሲቲውም ሮጠ። በ1991 ከሃርቫርድና ከየል ጋር ውድድር ላይ ሳለ፣ ያኔ ፓሎ አልቶ የምታውቀው የየል ተማሪ አየችው። በቃ፣ አለቀ። 30,000 ዶላር የትምህርት እርዳታ በማጭበርበር ተከሶ ታሰረ።

ክፍል ውስጥ ቁጭ ቢል ማን ያውቀው ነበር? ያጋለጠው እግሩ ነው። የወንድምሽ ደግሞ ይብሳል። የክለብ መታወቂያው፣ የክልል ሻምፒዮና ውጤቱ፣ ጓደኞቹ ፌስቡክ ላይ የለጠፉት ፎቶ፣ የጎዳና ሩጫ ዝርዝር ውስጥ ያለው የትውልድ ዓመቱ፣ ሁሉም አለ። በወንድምሽ የተሸነፈ ቡድን አሰልጣኝ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ አይፈልገውም ብለሽ ነው?

3. ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ አሜሪካዊ ሲያነበውም እውነት መምሰል አለበት። ወንድሜ የተወለደው ጥር 1991 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1999። ፓስፖርቱ 1999 ይላል። 12ኛን የጨረሰው በ2009 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ 2017። አዲስ አበባ ያለ አንድ የትርጉም ቤት ትራንስክሪፕቱንና ካርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ቃሉን ሁሉ ተረጎመና ቁጥሮቹን እንዳሉ ተዋቸው። 1991፣ 2009። «ዓ.ም.» የምትለዋን እንኳ ዘሏታል። ማኅተም መታበት፣ ክፍያውን ተቀበለ፣ እኛም ላክነው።

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከዩኒቨርሲቲው የኮምፕላያንስ ቢሮ (የስፖርቱ ሕግ መከበሩን የሚያጣራው ክፍል) ኢሜይል መጣ። «በፓስፖርቱ መሠረት አመልካቹ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው በ10 ዓመቱ ነው። በትራንስክሪፕቱ መሠረት ደግሞ አሁን 27 ዓመቱ ነው። ሰነዶቹ የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ማረጋገጫ ይላኩ» ይላል። ስልክ ብደውል አንዷ «ከዚህ በፊት ከአፍሪካ ዕድሜያቸውን የቀነሱ ገጥመውናል» አለችኝ፣ በዚያ ሳቅ ሳቅ በሚል ድምፅ። የእኛ ልጅ ዕድሜ አልቀነሰም፤ የቀነሱት ሌሎች ግን ስሙን አስቀድመው አበላሽተውለት ጠበቁት። ከ2009 ብትቆጥሪ ደግሞ እፎይታዋ አንድ ዓመት ድሮ አልፋለች። በክለብ የሮጠባቸው ዓመታት ሲቀነሱ አንድም የውድድር ዘመን አይተርፈውም።

አባባ ወደዚያው ትርጉም ቤት ተመለሱ። ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና «እኛ ያየነውን ነው የምንተረጉመው፤ ካሌንደር መቀየር ሥራችን አይደለም» አለቻቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ቆመው ሊያስረዷት ቢሞክሩ «አባት፣ ከኋላዎ ሰው አለ» ብላ ሌላ ጠራች። ኃላፊውን ቢጠይቁ ስብሰባ ላይ ነው። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነው። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ከስብሰባ አልወጣም መሰለኝ።

ያዳነን የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው፤ እግዜር ይስጠው። በትምህርት ቤቱ ወረቀት፣ በእንግሊዝኛ፣ የልደት ቀኑንና የተመረቀበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፈ። የእኛ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ከፈረንጁ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ በስምንት እንደሚያንስ አስረዳ። ጥር 1 ቀን 1991 ጃንዋሪ 9 ቀን 1999 ነው ብሎ ምሳሌ ጨመረ። ፊርማ፣ ክብ ማኅተም፣ የቢሮ ስልክ። ኮምፕላያንሶቹ ስልኩን ደወሉበት! አነጋገራቸውና ፋይሉ ተዘጋ። ይቅርታ ያለን ግን የለም። እና አንቺም ይህን ደብዳቤ ሳይጠይቁሽ በፊት አሠሪው። ስሙም ፓስፖርቱ ላይና ትራንስክሪፕቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፣ የአያት ስም ጭምር።

አሁን ደላላው ያለሽን አስቢው። የእኛ እውነተኛ ወረቀት በሁለት ቁጥር ይህን ያህል ካስለቀሰን፣ ውሸቱን ማን ስልክ አንስቶ ይመሰክርለታል? ርዕሰ መምህሩ ሲደወልለት «እንዲህ የሚባል ተማሪ በዚህ ዓመት አላስመረቅንም» ይላል። ኤን ሲ ዶብል ኤ ሐሰተኛ ትራንስክሪፕት ማቅረብን በሥነ ምግባር ጥሰት ይቀጣል፤ የኢሚግሬሽኑ ግን ከዚያ ይከፋል። ለቪዛ ብሎ ሆን ብሎ ያጭበረበረ ሰው ዕድሜ ልኩን እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አለ። በኋላ ለግሪን ካርድ ምሕረት ልጠይቅ ቢል ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ያስፈልገዋል። እህት አትቆጠርም።

ከጥያቄሽ ሥር «ፈረንጆቹስ ያጭበረብሩ የለ?» ላለው ወንድማችን፦ አዎ፣ ያጭበረብራሉ። በ2019 የተያዘው ሪክ ሲንገር የሀብታም ልጆችን ነክተውት በማያውቁት ስፖርት አትሌት አስመስሎ፣ ለአሰልጣኞች ጉቦ እየከፈለ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስገባ ኖሯል። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። እነዚያ ልጆች ግን ቢባረሩም አገራቸው ነው፣ አባታቸው ጠበቃ ይቀጥራል። የእኛ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ነው የሚወርደው።

አሰልጣኞችንም ቢሆን አትመኚ። መጀመሪያ ያናገረን አንድ አሰልጣኝ ወንድሜ ጎዳና ሩጫ ላይ ያገኘውን ሽልማት «ፎርሙ ላይ ባትጽፉትም ማንም አይጠይቅም» ብሎን ነበር። እኛ ጻፍነው። ለጉዞና ለማረፊያ ካወጣው ስለማይበልጥ ምንም አላሉንም። ያ አሰልጣኝ በዓመቱ ሌላ ኮሌጅ ተቀጥሮ ሄደ። የእሱን ምክር ሰምተን ቢሆን ኖሮ ውሸቱ ከልጁ ፊርማ ጋር እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀር ነበር።

ለደላላው ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ብሩን እርሱት። የወንድምሽ ኦሪጅናል የ12ኛ ሰርተፊኬትና የልደት ካርድ ደላላው እጅ ላይ ካሉ ግን ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ተቀበሉት፤ ኮፒ ሳይሆን ኦሪጅናሉን።