«እኔ እንደሷ አልከሳሁም»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው። ከዓመት ወዲህ ገበታ ላይ ምክንያት አታጣም፤ አንዴ ጾም ነኝ፣ አንዴ ሆዴን አሞኛል ትላለች። የበላች ቀን ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብታ ትቆያለች፣ ስታስመልስም ሰምቻለሁ። በቀደም ትማርበት ይሆናል ብዬ ኔትፍሊክስ ላይ «ቱ ዘ ቦን» የሚለውን ፊልም አብረን አየን። ምግብ እምቢ ብላ በአኖሬክሲያ ስለምትሰቃይ ልጅ ነው። ሲያልቅ ግን «አየሽ፣ እኔ እንደሷ አልከሳሁም፣ ምንም የለብኝም» አለችኝ። ማሳየቴ ስህተት ነበር?
ታላቅ እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ በፍቅር ያደረግሽው ነውና ራስሽን አትውቀሺ። እኔን ያስደነገጠኝ የእህትሽ መልስ ነው።

ፊልሙ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው። ዳይሬክተሯ ማርቲ ኖክሰንም ዋናዋ ተዋናይት ሊሊ ኮሊንስም በወጣትነታቸው በዚሁ ሕመም አልፈዋል፣ ስለዚህ ሐሳባቸው ቀና እንደነበር አልጠራጠርም። ግን ካሜራው ደጋግሞ የሚያርፈው የፊልሙ ልጅ የወጣ አጥንት ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ያንን አይቶ ይደነግጣል፤ የታመመች ልጅ ግን ሰውነቷን ከዚያ ጋር ታስተያይና «እዚያ እስክደርስ ደህና ነኝ» ትላለች። የፊልሙ ልጅ ሳህኑ ላይ ያለውን ካሎሪ በቃሏ ስትጠራም ለታመመች ተመልካች ትምህርት ይሆንባታል።

በምግብ ምክንያት ከሚታመሙት ብዙዎቹ ከሲታ አይደሉም። በልቶ ማስመለስ ያለበት ሕመም፣ ቡሊሚያ የሚሉት፣ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል ሰው ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ልዕልት ዳያናን አስቢ። የዓለም ካሜራ ሁሉ እሷ ላይ ተተክሎ ሳለ ይህንን ሕመም ይዛ ትኖር ነበር፤ በ1995 ራሷ ቢቢሲ ላይ ተናገረች። ስለ እንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰብ የሚተርከው ተከታታይ ፊልም «ዘ ክራውን» አራተኛው ምዕራፍ ላይ ይህንኑ አሳይቷል፣ ሕመሙ የሚታይባቸው ክፍሎች ሲጀምሩም ለተመልካች ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። የእህትሽ ነገር ወደዚህ የሚቀርብ ይመስለኛል። ግን አሁን ሌላ ፊልም አትክፈቺላት።

ፊልሞቹ ላይ የምናያት ብዙ ጊዜ ነጭ ልጅ ስለሆነች እኛ ዘንድ «የፈረንጅ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ጾሙ ደግሞ ጥሩ መሸፈኛ ይሆናል። ጾሟን አትንኪባት፣ ግን ጾሙ ከተፈታም በኋላ ምክንያቱ ይቀጥል እንደሆነ እዪ። ቤት ውስጥም ሰላምታ እስኪመስል የለመድነውን «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» የሚለውን ነገር እባካችሁ ተዉት፤ እናታችሁም እንግዳውም።

ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ገበታ ላይ ሳይሆን፣ «ስታስመልሺ ሰምቻለሁ፣ ስለ አንቺ ፈርቻለሁ» በያት። ከዚያ ሐኪም ጋ አብረሻት ሂጂ፤ ማስመለሱንም ሳትደብቁ ንገሩት። ይህን የምልሽ ደጋግሞ ማስመለስ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አውርዶ ልብን ስለሚያውክ ነው፤ ደሟንና የልብ ምቷን እንዲያይላት፣ ወደ አእምሮ ሐኪምም እንዲልካት ጠይቂ። ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ያለ ልክ ከመታ ወይም ደም ካስመለሰች ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።